እርድ ዘርን ይጎዳልን? በአይጦች ላይ የተደረገው ምርመራ ምን ያሳያል

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ከየቤታችን ምድጃ የማይርቅ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ በሰፈራችን ስለ እርድ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ወሬዎች ሲነገሩ እንሰማለን። አንደኛው ወሬ እርድ ዘር ያበላሻል፣ ነፍሰ ጡር ሴት እርድ ያለበት አልጫ ከበላች ጽንሱ ይጎዳል፣ ወንድም ቢሆን ዘሩ ይደክማል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እርድ ካንሰርን ጨምሮ የማያድነው በሽታ የለም የሚል ሲሆን፣ ይህን የሚያናፍሱት በአብዛኛው ዱቄቱን በትንንሽ ፌስታል፣ አንዳንዴም በእንክብል መልክ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው ወሬ የተነሣ አልጫ መሥራት የተዉ እናቶች አሉ። በሁለተኛው የተነሣ ደግሞ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወደ ክሊኒክ መሄድ ሲገባው እርድ በወተት እየጠጣ ይሰነብታል። እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሆኖም ተማሪዎቻችን ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ስላቀረቡልን ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን አንብበን ያገኘነውን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

እርድ ከዝንጅብል ቤተሰብ የሆነ ተክል ነው። የምንጠቀምበትም ከአፈር በታች ያለውን ግንዱን ቀቅለን፣ አድርቀንና ፈጭተን ነው። በአገራችን በብዛት የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ ባለው ሞቃትና እርጥብ መሬት ሲሆን፣ በቴፒም የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አለ። እዚህ ሞያሌ ከድንበሩ ወዲያ የሚመጣውም፣ ከናይሮቢ በማርሳቢት በኩል ተጭኖ ማንጃኖ በሚል የስዋሂሊ ስሙ የሚሸጠውም ተክሉ አንድ ነው። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ዋናው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ይባላል። ከመቶ ግራም የእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚኑ በአማካይ 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር አንባቢያን እንድታስታውሱልን እንጠይቃለን፤ ወደ በኋላ ለሒሳቡ ታስፈልገናለች።

በቅድሚያ "ዘር መጉዳት" ማለት ምን ማለት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛችን ዘር የምንለው ለሚዘራውም እህል፣ ለወንዱም ፈሳሽ፣ ለትውልድም ስለሆነ ወሬው ሁሉንም አደባልቆ ይዟቸዋል። በሳይንስ ጥያቄው የሚነሣው ስለ ዘረ-መል ነው። እያንዳንዱ የአካላችን ሕዋስ በውስጡ አካሉ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ትእዛዝ አለው። ትእዛዙ የተጻፈበት ረጅም ክር ዲ.ኤን.ኤ. ሲባል፣ ክሩ ተጠቅልሎ የተቀመጠባቸው ጥቅሎች ደግሞ ክሮሞዞም ይባላሉ። ሰው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። ሕዋስ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ይህ ሁሉ ጽሑፍ መገልበጥ አለበት።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል፣ አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊትን ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው ሲገለብጥ እናስብ። አንዲት ፊደል ሊስት ይችላል። አንድ መስመር ሊዘል ይችላል። ከዚያም የከፋው ቅጠሉ ራሱ ተቀዶ ከጥራዙ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ ብራና የሚገለብጥ ሌላ ጸሐፊም ስሕተቱን ይዞ ይቀጥላል። በሕዋስ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የፊደል ስሕተት የሚያመጡ ነገሮች አሉ፣ ክሮሞዞምን የሚቀድዱም አሉ። ጉዳቱ በጉበት ወይም በአንጀት ሕዋስ ላይ ከደረሰ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ልጅ ግን አይተላለፍም። በወንዱ ዘር ወይም በሴቷ እንቁላል ላይ ከደረሰ ግን ጽንሱ ሊጨናገፍ ወይም ጉዳቱ ለልጅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ምግብ "ዘር ይጎዳል ወይ?" ብሎ የሚመረምር ሰው ሁለቱንም ለየብቻ መመልከት አለበት።

በምግብ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ነገር የለም ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። እርጥበት በነካው በቆሎ ላይ የሚወጣው ሻጋታ የሚሠራው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ዲ.ኤን.ኤ.ን በቀጥታ የሚጎዳና የጉበት ካንሰር የሚያስከትል ነው። መጠኑ ሲበዛም ፈጥኖ ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በሻገተ በቆሎ ከታመሙት 317 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል። እንግዲህ ስለ እርድ የሚጠየቀው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ በየቀኑ የሚበላ ነገር ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

በሰው ላይ መርዝ መሞከር ስለማይቻል ምርመራው በአይጦች ላይ ይደረጋል። አይጥ ቶሎ ትወልዳለች፣ ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ገደማ ስለሆነ ሙሉ ሕይወቷን መከታተል ይቻላል፣ ሕዋሷም በመሠረቱ እንደ ሰው ሕዋስ ይከፈላል።

ለጥያቄያችን በጣም የሚቀርበው ምርመራ ቪጃያላክስሚ በተባለች የህንድ ተመራማሪ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው ነው። ህንዶች ከማንም በላይ እርድ ስለሚበሉ ጥያቄው በመጀመሪያ የእነርሱ መሆኑ አያስገርምም። በዚህ ጥናት አይጦችና አይጠ መጎጦች ለ12 ሳምንታት እርድ ወይም ኩርኩሚን ያለበት መኖ ተመገቡ። የእርዱ መጠን ከመኖው ግማሽ ከመቶ ማለትም በሺህ ግራም መኖ ውስጥ 5 ግራም ሲሆን፣ የኩርኩሚኑ ደግሞ 0.015 ከመቶ ነበር። ከላይ ያልናትን 3 ከመቶ ያስታወሰ አንባቢ የግማሽ ከመቶ እርድ 3 ከመቶው በትክክል 0.015 መሆኑን ያገኘዋል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የተፈለገው በእርዱ ውስጥ ያለውን ያህል ኩርኩሚን ለብቻው ሰጥቶ ማወዳደር ነው። ደስ ያሰኘን ሌላ ነገር አለ። አንዳንዶቹ እንስሳት የቤተ ሙከራ ደረቅ መኖ ብቻ ሳይሆን ሰው እንደሚበላው ተደርጎ የበሰለ ምግብ ተሰጥቷቸዋል። እርድ ጥሬውን የሚበላ ስለሌለ፣ እሳት ሲነካው ጠባዩ ይለወጥ እንደሆነ መታየት ነበረበት። ከጎናቸውም እርድ የሌለበት መኖ የሚበሉ ማወዳደሪያ እንስሳት ነበሩ።

ከ12 ሳምንታት በኋላ የተመረመረው የአጥንታቸው መቅኔ ነው። ለምን መቅኔ? ደም የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ ሕዋሳቱ ያለ ዕረፍት ይከፈላሉ፤ ብዙ በሚገለበጥበት ቦታ ደግሞ ስሕተት ካለ ቶሎ ይታያል። ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል አስኳሉን ወደ ውጭ ይጥላል። ክሮሞዞም ተቀድዶ ከነበረ ግን ቁራጩ ከአስኳሉ ጋር አብሮ ሳይወጣ ውስጥ ይቀራል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ባዶ መሆን በሚገባው ሕዋስ ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ነጥብ ትሆናለች። የመርማሪው ሥራ እነዚህን ነጥቦች መቁጠር ነው፤ እጅግ አሰልቺ ሥራ ቢሆንም አይዋሽም። እርድ የበሉት ነጥብ ካልበሉት በልጦ ከተገኘ እርዱ ክሮሞዞም ይቀድዳል ማለት ነው።

በልጦ አልተገኘም። የክሮሞዞሞቹ መልክ ራሱ በቀጥታ ሲታይም ልዩነት አልነበረም።

ቀጥሎ የትውልዱ ጥያቄ መጣ። ለዚህ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፤ ወንዱ ብቻ እርድ ይበላል፣ ከዚያም እርድ ካልነካች ሴት ጋር ይገናኛል። ሴቷ እርድ ስላልበላች በጽንሶቹ ላይ ጉዳት ከታየ የመጣው ከወንዱ ዘር ብቻ ነው። ስንት ሴቶች እንደጸነሱ፣ ስንት ሽል በማኅፀን እንደተያዘ፣ ከእነዚያም ስንቱ በሕይወት እንዳለና ስንቱ እንደሞተ ይቆጠራል። በዚህም ቢሆን እርድ የበሉትና ያልበሉት ወንዶች ውጤት አልተለያየም። "ወንድ እርድ ከበላ ዘሩ ይደክማል" ለሚለው ወሬ ከዚህ የቀረበ መልስ የለም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ ሳናነሣው ብናልፍ ደግሞ ለእርድ ነጋዴ ጠበቃ የቆምን ይመስላል። በአሜሪካ አገር ብሔራዊ የመርዛማ ነገሮች ምርመራ ፕሮግራም የሚባለው የመንግሥት ተቋም በእርድ ላይ ያደረገውን ሰፊ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1993 አውጥቷል። እነርሱ የተጠቀሙት ተራ ዱቄት ሳይሆን ከመቶው 80 ያህሉ ኩርኩሚን የሆነ የእርድ ጭማቂ ነው። በባክቴሪያ ላይ ሲሞከር የፊደል ስሕተት አላመጣም። ሐምስተር ከሚባለው የአይጥ ዘመድ ተወስደው በብርጭቆ ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ሲፈስስ ግን በክሮሞዞሞቹ ላይ አነስተኛ ጉዳት ታየ። "እርድ ዘር ይጎዳል" የሚለው ወሬ ሥር ካለው ሥሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በብርጭቆ ውስጥ ያለ ሕዋስ ግን አንጀትም ጉበትም የለውም፤ የፈሰሰበት ሁሉ በቀጥታ ይደርሰዋል። በአካል ውስጥ ከተበላው ኩርኩሚን አብዛኛው ሳይሰርግ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ የሰረገውንም አንጀትና ጉበት ወዲያው ይለውጡታል። ስለሆነም የብርጭቆ ሙከራ ጥርጣሬ ያስነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ፍርዱን ለማግኘት አሜሪካውያኑ አይጦችንና አይጠ መጎጦችን ለሁለት ዓመት መገቡ፤ በየቡድኑ 60 እንስሳት ነበሩ። ከፍተኛው መጠን ከመኖው 5 ከመቶ ነበር። በወንድ አይጠ መጎጦች ላይ የካንሰር ማስረጃ አልተገኘም። በሴት አይጠ መጎጦችና በሁለቱም ጾታ አይጦች ላይ ግን አንዳንድ ዕጢዎች ከማወዳደሪያው ጥቂት በዝተው ስለታዩ ተቋሙ "አጠራጣሪ" የሚል ደረጃ ሰጠ። ይህ ቃል በእነርሱ አነጋገር አለ ለማለትም የለም ለማለትም የማይበቃ ማለት ነው። የሚገርመው በአይጦች ጉበት ላይ ዕጢው የበዛው መካከለኛውን መጠን በበሉት እንጂ ከፍተኛውን በበሉት ላይ አልነበረም፤ መርዝ ከሆነ ደግሞ የበለጠ የበላ የበለጠ ሊታመም ይገባ ነበር። አይጠ መጎጦቹ ላይ በማያጠራጥር ሁኔታ የታየው ጉዳት ከፍተኛውን መጠን በበሉት አንጀት ውስጥ የተገኘው ቁስለት ነው።

እስቲ ያን መጠን ወደ እኛ ገበታ እናምጣው። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ደረቅ ምግብ ይበላል ብንል፣ የ5 ከመቶው 25 ግራም ጭማቂ ይሆናል፤ በውስጡም 20 ግራም ኩርኩሚን አለ። ይህን ያህል ኩርኩሚን ከተራ ዱቄት ለማግኘት በየቀኑ ከግማሽ ኪሎ በላይ እርድ መዋጥ ያስፈልጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ነው። ለአምስት ሰው በሚሠራ የአተር አልጫ ውስጥ አንድ ማንኪያ ከተጨመረ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ኩርኩሚን 18 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ይህም የአንድ ግራም ሃምሳኛ እንኳ አይሞላም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አያሠጋም ያለው የኩርኩሚን መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት እስከ 3 ሚሊግራም ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2010 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ይህንኑ አጽንቷል። ቁጥሩ የተገኘው አይጠ መጎጦችን ከወላጅ እስከ ልጅ ልጅ በመመገብ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ250 እስከ 320 ሚሊግራም ኩርኩሚን ሲሰጣቸው ጉዳት አልታየም፤ ከዚያ በላይ በሆነው ከፍተኛ መጠን የልጅ ልጆቹ ክብደት እንደሚገባው ሳይጨምር ቀረ። ከዚያም ሰው ከአይጥ፣ ሰውም ከሰው ስለሚለይ ለጥንቃቄ ያህል ጉዳት ያልታየበት መጠን ለመቶ ተካፈለ። በዚህ መሠረት 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 180 ሚሊግራም ኩርኩሚን፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል እርድ ለብቻው ቢበላ ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ደግሞ ግማሽ ማንኪያ ያህል ይሆናል። ለነፍሰ ጡር እናት የአልጫ እርድ የሚያሠጋ ነገር የለውም ብለን ያለ ማመንታት የምንናገረው በዚህ ምክንያት ነው። በካምፕ ኑሮ ሽሮና ምስሩን ሊያጣፍጥ የሚችል ነገር ጥቂት ነው፤ እሱንም በወሬ ማጣት አያስፈልግም።

እንክብሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአንድ ፍሬ ውስጥ እስከ 500 ሚሊግራም ኩርኩሚን የታጨቀበት አለ፤ ይህ ከላይ ከተባለው የቀን ወሰን በአንድ ጊዜ ያልፋል። ብዙዎቹ እንክብሎች ደግሞ ኩርኩሚኑ በደም ውስጥ እንዲሰርግ የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ይጨመርባቸዋል። እንግዲህ አካላችን ሳያስገባ ያስወጣው የነበረውን በግድ ማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 በጣሊያን እንዲህ ያለ እንክብል የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ታምሟል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ዘገባ በእርድ ምክንያት ጉበታቸው ከተጎዳ 10 ሰዎች አንዱ ሞቷል። በብዙ ሚሊዮን ወሳጆች መካከል ይህ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጉበት ያድናል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ጉበት መጉዳቱ ሊታወቅ ይገባል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሐሞት ጠጠር ያለባቸውና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ወደ እንክብሉ ባይጠጉ ይሻላል።

በተለይ ስለ ወፍ በሽታ አንድ ነገር ማለት እንፈልጋለን። ዓይን ቢጫ ሲሆን በቢጫ እርድ ማከም ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፤ መልክ ከመልክ ጋር ተመሳሰለ እንጂ በሽታውና መድኃኒቱ አልተገናኙም። የዓይን ቢጫነት የጉበት በሽታ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዳዳብ ካምፖች ሄፓታይተስ ኢ የተባለው በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ተነሥቶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ይህ በሽታ ነፍሰ ጡሮችን፣ ከሁሉም በላይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያሉትን፣ ይገድላል። ዓይኗ ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር በዚያኑ ዕለት ወደ ክሊኒክ መሄድ አለባት። እርዱ ይቆይላታል።

ሌላው እውነተኛ ሥጋት ከእርዱ ጋር የሚደባለቀው ነገር ነው። በባንግላዲሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጎርፍ በኋላ እርዱ ሲጠቁርባቸው ነጋዴዎች እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም መቀባት ጀመሩ። ቀለሙ ርካሽ ነበር፣ እርዱንም ያደምቀዋል። ቆይቶ በገጠር ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ እርሳስ በዝቶ ሲገኝ ተመራማሪዎች ምንጩን ሲፈልጉ እርዱ ሆኖ ተገኘ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ሲሆን፣ ትንሹም አያሠጋም የሚባልበት መጠን የለውም። የአገሩ መንግሥት ነጋዴዎቹን ቀጥቶ፣ ሕዝቡንም አስተምሮ፣ በ2019 በገበያው ከተመረመረው እርድ 47 ከመቶው እርሳስ እንዳልነበረበት ሁሉ በ2021 አንድም አልተገኘበትም። በሌላ በኩል በርበሬን ለማቅላት የሚጨመረው ሱዳን የተባለው የፋብሪካ ቀለም በእንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣቱ ስለታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር ብዙ መቶ ዓይነት ምግቦች ከየሱቁ ተሰብስበዋል።

እንግዲህ ገበያ ስንወጣ ያልተፈጨውን እርድ መግዛት ይሻላል። እሱም ቢሆን በላዩ ቀለም ሊቀባ ስለሚችል (በባንግላዲሽ የተቀባው ያልተፈጨው ነበር) ሰብሮ ማየት ጥሩ ነው፤ ውጩ ከውስጡ ይልቅ የሚያበራ ከሆነና እጅ ላይ ዱቄት የሚተው ከሆነ መተው ነው። ካልሆነም አጥቦ፣ ልጦና አድርቆ በቤት መውቀጥ ይቻላል። የታሸገ ከተገዛ የኬንያ ደረጃዎች ቢሮ ምልክት ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ስም የሌለው፣ እንደ ፀሐይ የሚያበራ ርካሽ ዱቄት ለሕፃን ምግብ አይሁን። እርዱን በደረቅ ዕቃ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፤ በክረምት ድንኳን ውስጥ እንደ በቆሎው ሁሉ ይሻግታል።

ከማብቃታችን በፊት፣ በአይጥ መቅኔ ውስጥ ነጥብ የመቁጠሩ ፈተና በሰዎች ላይም መደረጉን እንጥቀስ፤ ያውም በአንድ ኢትዮጵያዊ። ፈቃዱ ካሴ የተባለው ተመራማሪ ከቪየና ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ከሰዎች አፍ የተፋቁ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ መርምሯል። የተመረመረው ግን እርድ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ሞያሌን ጸጥ የሚያሰኘው ጫት ነው። በቃሚዎቹ አፍ ሕዋሳት ውስጥ የተቆጠሩት ነጥቦች ከማይቅሙት 8 እጥፍ ያህል ነበሩ፤ በፊኛቸው ሕዋሳት ላይ ግን ይህ አልታየም። በጫቱ ላይ ሲጋራና አልኮል ሲጨመር ጉዳቱ እየተደራረበ ይሄዳል። እርድ ዘር ያበላሻል ብለው የአልጫውን ድስት የሚሸሹ አንዳንድ ወንድሞቻችን ስለዚህኛው ቁጥር ሲጠይቁን እስካሁን አልሰማንም።